የኮረብታው የእሁድ መስመር

ሥራ በጀመርኩበት ቀን መሪ አልጨበጥኩም። ዳሪል የሚባለው ሱፐርቫይዘራችን አንድ ዊልቸር እየገፋ መጣና "ተቀመጪ" አለኝ። ተቀመጥኩ። በሊፍቱ ከፍ አድርጎ ቫኑ ውስጥ አስገባኝና ወንበሩን በአራት ቀበቶ ከወለሉ ጋር አሰረው። የኋላዎቹን ሁለቱን ግን ሆን ብሎ አላላቸው። ግቢውን ቀስ ብሎ አንድ ዙር ዞረና ድንገት ፍሬን ያዘ።

ወንበሩ እኔን ይዞ ወደ ፊት ተወረወረ። "በስመ አብ!" ብዬ ጮህኩ። ዳሪል በመስታወቱ አየኝና "ቀበቶ ስታጠብቂ ይሄን አትርሺ" አለ። ሌላ ትምህርት በዚያን ቀን አልሰጠኝም። እስከ ጡረታዬ ድረስ የማንም ሰው ወንበር እጄ ላይ አልተንሸራተተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሥራው እንዲህ ነው። በአውቶቡስ መሄድ የማይችል አዛውንት ወይም አካል ጉዳተኛ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይደውላል። ዲስፓች የሚባለው ጥሪ ተቀባይ ክፍል ለሹፌር ይሰጣል። ሹፌሩ ደጅ ድረስ ሄዶ ያነሳል፣ የተባለው ደጅ ድረስ ያደርሳል። ደጅ ላይ የምንጠብቀው አምስት ደቂቃ ነው። ካልወጡ "ኖ ሾው"፣ አልተገኙም፣ ብለን እንሄዳለን።

ይህ አምስት ደቂቃ ለእኛ ሰዎች መከራ ነበር። ሐበሻ አዛውንት በአምስት ደቂቃ ከቤት አይወጣም። ጎረቤት ይሰናበታል፣ ሥዕል ይሳለማል፣ በሩ መቆለፉን ሁለቴ ያያል፤ ከዚያ ሹፌሯን "ግቢና አንድ ነገር ቅመሺ" ይላል። ከአስፋልቱ ሆኜ "ኧረ እማማ፣ ሰዓቱ!" እያልኩ ስጣራ ስንት ጊዜ ጎሮሮዬ ተዘጋ።

ሌላው ደንብ ግን ከዚህ ይከብዳል። ቫናችን የሚሄደው መደበኛው አውቶቡስ በሚሄድበት አካባቢና በሚሄድበት ቀን ብቻ ነው። ቫኑ የአውቶቡሱ ጥላ ነው ማለት ነው። አንድ ሰፈር እሁድ አውቶቡስ ከሌለው፣ እዚያ ሰፈር የሚኖር ዊልቸር ላይ ያለ ሰው እሁድ ቫን የለውም። ይህን ተሳፋሪዎቻችን አያውቁትም ነበር። አውቶቡስ ለማይሳፈር ሰው ስለ አውቶቡስ ምን ያስጨንቀዋል?

እኔ የተመደብኩት ዴ ሞይን ነበር። ከኤርፖርቱ በስተደቡብ ያለች፣ ከባሕሩ ዳር ተነስታ ኮረብታውን የምትወጣ ትንሽ ከተማ ናት። ታች ጀልባዎች የሚቆሙበት ወደብና የጡረተኞች ቤቶች አሉ። ላይ፣ በትልቁ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሞቴሎች፣ ጎማ ቤቶችና ያረጁ አፓርትመንቶች ተደርድረዋል። የእኛ ሰው የሚኖረው ላይ ነው። መሀል ከተማው አጠገብ ያለው ካፒቶል ሂል ኪራይ ሲወደድበት ኦቴሎ ወደሚባለው ሰፈር ወረደ። ኦቴሎ ባቡር ሊገባለት ነው ሲባል እልል አለ፤ ባቡሩ ገባ፣ የኪራይ ጭማሪውም አብሮ ገባ። ያኔ ደግሞ ወደ ዴ ሞይን ወረደ።

የከተማዋ እንጀራ ኤርፖርቱ ነው። አውሮፕላን የሚያጸዳ፣ ሻንጣ የሚጭን፣ የሆቴል አልጋ የሚያነጥፍ፣ ሁሉም ከኮረብታው ነው የሚነሳው። አውሮፕላን ደግሞ እሁድ አያውቅም። ስለዚህ እሁድ ጠዋት አፓርትመንቶቹ ውስጥ የሚቀሩት ሕፃናትና አዛውንቶች ናቸው።

እማማ ዘነበችን ያገኘሁት እዚያ ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ በቅጡ ሳይገጥም ስለቀረ በሞተር በሚሄድ ከባድ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት። ያ ወንበር በሰው መኪና አይጫንም፤ ሊፍት ይፈልጋል። ልጃቸው ሰናይት አውሮፕላን ታጸዳለች፣ እሁድን ጨምሮ። እማማ ከባለቤታቸው ጋር ቆራቢ ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም ቁርባናቸውን አላቋረጡም። ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ውሃም አይቀምሱም፤ እሁድ ቅዳሴ ሳይገባ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጅ ላይ ይጠብቁኛል። በአምስት ደቂቃው ደንብ ያላማረርኩባቸው ብቸኛ ሐበሻ እሳቸው ናቸው።

እኔም እሁድ የሥራ ቀኔ ስለነበር ማስቀደስ አልችልም። እሳቸውን ሳወርድ ግን የቤተ ክርስቲያኑን በር ተሳልሜ እመለሳለሁ። የሳምንቱ ድርሻዬ እሱ ነበር።

ከእሳቸው ጋር ከዚያው ሕንፃ የሚሳፈሩት ጋሽ ተክሉ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ዓይናቸው ደከመ። ቫኑ ውስጥ ገብተው ዝም አይሉም።

"አስካለ፣ ሌኑን ቀይሪ እንጂ።"

"ጋሼ፣ መንገዱ አይታየኝም ብለው የለ? ሌኑ እንዴት ታየዎት?"

"በመቀመጫዬ ነው የማየው። ሠላሳ ዓመት የነዳ መቀመጫ ነው።"

እማማ ከኋላ ይቀበላሉ። "ተይው ልጄ። ታክሲ ሲነዳም ደንበኛው ወርዶ ይገፋለት ነበር።"

"ዘነበች፣ ልትቆርቢ እየሄድሽ ሰው ታሚያለሽ?"

"ፊትህ እያወራሁ ምን ሐሜት አለው?"

እንዲህ እየተባባልን ነበር የምንሄደው። ደግ ዘመን ነበር፤ ያኔ ግን ደግ መሆኑን አላወቅነውም።

ከዚያ ኢኮኖሚው ወደቀ። ሆቴሎቹ ሰዓት ቀነሱ፣ ሰዉ ሁለተኛ ሥራውን አጣ። የአውቶቡሱ መሥሪያ ቤትም ገቢዬ ጎደለ አለ። አንድ ጠዋት ዳሪል ሹፌሮችን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘረጋ። በቀይ የተሰመሩት እሁድ ሊቀሩ የታሰቡ መስመሮች ነበሩ። ኮረብታውን የሚወጣው መስመር ቀይ ነው።

"ቫኑስ?" አልኩት።

"ደንቡን ታውቂዋለሽ፣ አስካለ።"

ዳሪል ብዙ የማያወራ ሰው ነው። በዚያን ቀን ግን ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ካርታውን ሳያጥፍ ቆየና ስለ አገሩ ነገረኝ። የመጣው ከአዮዋ ስቴት፣ በበቆሎ ማሳ መካከል ካለች ትንሽ ከተማ ነው።

"የእኛ ከተማ በአንድ ቀን አልሞተችም" አለኝ። "መጀመሪያ የሥጋ ፋብሪካው ተዘጋ። ቀጥሎ የእሁድ አውቶቡስ ቀረ። እሁድ ማን ይሄዳል ተባለ፣ ማንም አልተናገረም። ቀጥሎ የቅዳሜው። ቀጥሎ ወደ ትልቁ ከተማ የሚያልፈው የረጅም መንገድ አውቶቡስ መቆሙን ተወ። የምግብ መደብሩ ተከተለ። የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ሰው አጥታ ስትሸጥ እናቴ ቆማ አየች። አሁን የጭነት ባቡር በመሀሏ ያልፋል፤ አይቆምም።"

"እናትህስ?"

"እዚያው ናት። በምን ትወጣለች?"

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ አለ። አንቺ ሠራተኛ ስለሆንሽ መናገር አትችይም። ሰዎችሽ ግን ይምጡ። ብዙ ሆነው ይምጡ፣ እያንዳንዱም ይናገር።"

ይህን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩ። አዛውንቶቹ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለው የሕንፃው የጋራ ክፍል ተሰበሰቡ። እኔ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሰብሳቢው ጋሽ ተክሉ ናቸው።

"ሁላችሁም ተናገሩ ተብሏል" አሉ።

ከኋላ አንድ ሰውዬ አጉረመረሙ። "ሁላችንም ተነስተን አንድ ነገር ስንደጋግም ምን ሊመስል ነው? ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚለምን ሰው?"

"ጋሼ፣ እዚህ አገር የሚቆጠረው የተናገረ ሰው ነው" አልኩ።

"ልጄ" አሉኝ ሰውዬው፣ "ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ሁሉም ይናገራል እንዴ? አንዱ አንደበተ ርቱዕ ይናገራል። ሌላው ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ክብር እሱ ነው።"

ክፍሉ በሙሉ "ልክ ነው፣ ልክ ነው" አለ። ማን ይናገር ሲባል ደግሞ ክርክር አልነበረም። በኮረብታው ላይ እንደ እማማ ዘነበች የሚመርቅ ሰው የለም። ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሥራ ሲያገኝ፣ ቤት ሲገባ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ስማቸውን ለመናገር ያስመዘገቡ ቢሆንም ተራቸውን ለእሳቸው ሊተዉ ተስማሙ።

ስብሰባው በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከፊት፣ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ፣ ባለሥልጣኖቹ ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መብራት አለ፤ አረንጓዴው ሲጠፋ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ ይበራል፣ ቀዩ ሲበራ ይጮኻል።

ከሌላ ሰፈር የመጡት አንድ በአንድ ወጡ። አንዲት ሴት "እሁድ አውቶቡስ ከሌለ ሥራዬን አጣለሁ" ብላ ተቀመጠች። ቀጥሎ ባሏ ያንኑ አለ። ቀጥሎ ጎረቤቷ። የሳሞአ ደሴት ሰዎች በቤተሰብ ሆነው መጥተው ከአያት እስከ ልጅ ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ። የእኛ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። "አንዴ የተባለው አይበቃም?" አለ ከአጠገቤ አንዱ፣ እያፈረላቸው።

የእኛ ተራ ደረሰ። የጋሽ ተክሉ ስም ተጠራ። ተነስተው እጅ ነሡና "ለእሷ ትቻለሁ" አሉ። ሊቀመንበሯ ጊዜ ለሌላ ሰው እንደማይተላለፍ በደግነት አስረዳቻቸው። "ግድ የለም" ብለው ተቀመጡ። የሁለተኛው ስም ተጠራ፣ እሳቸውም እጅ ነሡ። ሦስተኛውም። ሁሉም በክብር ተራቸውን ጣሉ።

እማማ ዘነበች ወንበራቸውን ወደ ማይኩ ነዱ። እዚህ ያደገች አንዲት ወጣት ልታስተረጉምላቸው አጠገባቸው ቆመች። አረንጓዴው በራ።

"ይህን ቀን ለሰጠን ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይግባው" አሉ። ልጅቷ ተረጎመች። "እናንተም ሥራችሁን ትታችሁ የእኛን የደካሞቹን ቃል ለመስማት ስለተቀመጣችሁ ያክብራችሁ።" ተረጎመች። "ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ።"

"አሜን!" አሉ የእኛ ሰዎች በአንድ ድምፅ።

ልጅቷ "ወግ ማዕረግ" የሚለውን ለመተርጎም ትንሽ ተጨነቀች፣ ተወጣችውም።

"እናንተ ለሰው መንገድ የምታበጁ ናችሁ። የእናንተንም መንገድ ያብጅላችሁ። ከድንገተኛ አደጋ፣ ከክፉ ሰው ይሰውራችሁ።"

"አሜን!"

ቢጫው በራ። እኔ ከኋላ ሆኜ እጄን አወዛወዝኩ። እማማ ፊታቸው ወደ ባለሥልጣኖቹ ነው። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ውሻ ጭኗ ላይ የያዘች አንዲት ሴት እንባዋን ትጠርጋለች። እማማ አውቶቡሱ ስላደረገላቸው ውለታ፣ ስለ ሹፌሮቹ ትሕትና፣ ስለ ሊፍቱ ሳይቀር አመሰገኑ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሽማግሌ ወደ ጉዳዩ ሲገባ እንደሚያደርገው።

"እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ..."

ቀዩ በራና ጮኸ።

"በጣም እናመሰግናለን፤ እንዴት ያለ ውብ ንግግር ነው" አለች ሊቀመንበሯ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። አዳራሹ አጨበጨበ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ "እማማ፣ ሰዓትዎ አልቋል" አለቻቸው።

"ምን ተናገርኩና?" አሉ እማማ። ጭብጨባው ግን ቀጥሎ ነበር፣ እሳቸውም ፈገግ ብለው እጅ ነሡ።

ስንመለስ ቫኑ ውስጥ ደስተኛ ነበሩ። "አየሻት ያቺን ሊቀመንበር? እጇን ልቧ ላይ አደረገች እኮ። እናት ያሳደገቻት ናት።" ከዚያ ወደ ጋሽ ተክሉ ዞሩ። "ተክሉ፣ ዛሬስ ማን አፍህን ለጎመው?"

"ጉዳዩን አልነገርሻቸውም።"

"ጉዳዩንማ ያውቁት የለ እንዴ! ስለሱ አይደል የጠሩን? የሚያውቁትን ነገር መልሶ መንገር አዋቂን መናቅ ነው።"

 እኔ መስታወቱን አየሁና መንዳቴን ቀጠልኩ።

ውሳኔው ሲመጣ የተወሰኑ መስመሮች ተርፈው ነበር። ያቺ ሥራዬን አጣለሁ ያለችው ሴት መስመር ተረፈ። የሳሞአዎቹም ተረፈ። የእኛ ኮረብታ ቀረ። ዳሪልን ቢሮው ድረስ ሄጄ "ምን ብለው ነው?" አልኩት።

እርሳሱን አስቀመጠ። "ከኮረብታው የተናገረች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች አሉኝ። እሷም አመሰገነች አሉኝ።"

ይህን ለእማማ አልነገርኳቸውም። ለማንም አልነገርኩም። እሁድ ከእንግዲህ መምጣት አልችልም ብቻ አልኳቸው።

"አንቺ ተቆጥተሽብኝ ነው?"

"ኧረ እማማ! አውቶቡሱ ቀርቶ ነው።"

"አውቶቡሱ ይቅራ። አንቺ ነይ።"

የጥላውን ነገር አስረዳኋቸው። ሁለቴ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እንዳልገባቸው ግን አይቻለሁ። ስጦታ የሰጠ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ የሚኖረው ፊት ነበር ፊታቸው። ያንን ሁሉ መርቀዋል እኮ።

የሰንበት ትምህርት ቤት ጎበዞች አንድ እሁድ መጥተው ተሸክመው በሰው መኪና ወሰዷቸው። ልጆቹ በትሕትና ነው ያደረጉት። ግን ዳሌያቸው መኪናው ጠባብ ወንበር ላይ አልታጠፍ አለ፣ ቀሚሳቸው ተገለበ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሕመሙ ቀና አላስብል አላቸው። "ሰው ፊት እንደ ጆንያ ተወረወርኩ" አሉ ለሰናይት። ከዚያ በኋላ ጎበዞቹ ቢለምኑ እሺ አላሉም። የንስሐ አባታቸው ቤታቸው ድረስ እየመጡ ጸሎት ያደርሱላቸዋል። ቁርባኑን እዚህ ያምጡልኝ ሲሏቸው ግን አባ አዘኑና "እሱ ለሞት ላደረሰ ሕመም ነው፣ እናቴ" አሏቸው።

እኔን እሁድ ካፒቶል ሂል መደቡኝ። እዚያ አውቶቡሱ በየጊዜው ይመላለሳል። ሰዎችን ምግብ ቤት አደርሳለሁ፣ ሲጠግቡ እመልሳለሁ። ደህና ሰዎች ናቸው። ከእንግዲህ በሩን የምሳለመው ቤተ ክርስቲያን በመንገዴ ላይ የለም።

ጋሽ ተክሉ ኪራይ ሲጨመርባቸው ወንድ ልጃቸው ሌላ ስቴት ወሰዳቸው። ደህና ሁኑ ሳንባባል ነው የሄዱት። የጋራ ክፍሉን የሕንፃው ባለቤት ቆለፈው፤ የሚሰበሰብ ሰው የለም አለ። ቀጥሎ የኮረብታው የቅዳሜ ምሽት አውቶቡስ ቀረ። ዳሪል ሲነግረን ካርታም አልዘረጋም፤ እኔን እያየኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰኞ እማማን ክሊኒክ ልወስድ ሄድኩ። ሰኞ አውቶቡሱ ገና አለ። በሊፍቱ አስገባኋቸው፣ ጎንበስ ብዬ የኋላውን ቀበቶ አጠብቃለሁ። ከላዬ ሆነው በተራ ድምፅ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ "ትናንት ቁርስ በላሁ" አሉኝ።

እጄ ቆመ። "እሁድ?"

"እሁድ። ሰናይት ያስቀመጠችልኝን ዳቦ። ቅዳሴ ሳይገባ።"

"አሞዎት ነው፣ እማማ?"

"አላመመኝም" አሉ። "ራበኝ።"

 ቀበቶውን አጠበቅኩ፣ ጎተት አድርጌ ፈተሽኩ፣ ሄጄ መሪው ላይ ተቀመጥኩ።  ሳወርዳቸው ሁልጊዜ የሚመርቁኝ ሰው "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብለውኝ ገቡ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እማማ ዘነበችም አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ልጆች ሊፍቱንና ቀበቶውን የሚያሳያችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ የምጨምረው ይህን ነው። አዛውንቶቻችሁ መሥሪያ ቤት ፊት ሲቀርቡ ጉዳያቸውን በመጀመሪያው ቃል ይናገሩ። ሁሉም ይናገሩ፣ ቢደጋገምም። ምርቃቱ ጊዜ ከተረፈ ይደረሳል፤ ካልተረፈ ይቅር።